በጥርስ የሚሰማ ድምፅ

የመዘምራኑ ልምምድ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባባ ባፈና ስፓዛ ከሚባለው የአቢሶ ትንሽ የሠፈር ሱቅ መስኮት ፊት ይቆማሉ። አንድ የዝንጅብል ከረሜላ ይገዛሉ። ከዚያም ከኮታቸው ኪስ ባለ ሁለት ጣት ሹካ የመሰለች ብረት አውጥተው የመስኮቱን ፍርግርግ መታ ያደርጉባታል። መቃኛ ናት፤ የምትሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ሲሆን ዘማሪዎቹ የሚነሡት ከዚያ ድምፅ ነው። ሽማግሌው በዚህ በደቡብ አፍሪካው ሠፈር በቴምቢሳ ውስጥ አርባ ዓመት መዘምራን ያሠለጠኑት፣ በሠርግም በቀብርም የሚዘመረውን ዜማ የደረሱት በዚህችው ብረት ነው።

አቢሶ አገሩ ሆሳዕና ከተማ ሳለ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ አተኩሮ የማየት ልማዱ ሱቅ ውስጥም አልለቀቀውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሹካዋን ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጉ አይቷል። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን እጀታዋን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ጆሮ ሲደክም አጥንት እንደሚሰማ አቢሶ ያውቃል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ከዘማሪዎቹ አንዷ ለሆነችው ልጁ ለፊቤም ቢሆን። አይሰሙም ከተባለ ቦታቸውን ለሌላ ሰው ይሰጡባቸዋል ብሎ ፈራ።

ቅዳሜ የሠፈሩ የጥበብ ሰዎች የሚመሰገኑበት ቀን ነበር፤ ዘንድሮ ተራው የባባ ባፈና ነው። ከረሜላቸውን ገዝተው ፍርግርጉን መታ እንዳደረጉ፣ ወደ መዘምራኑ አዳራሽ ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች ክንዳቸውን ይዘው አጣደፏቸው። ሹካዋ ባንኮኒው ላይ ቀረች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሱቅ አይዘጋም። አቢሶ ዘጋ። ስምንት ዓመት ዜማውን ከውጭ ሲሰማ ወደኖረበት አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ።

ዘማሪዎቹ ተሰልፈዋል፤ ባባ ባፈና ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። አቢሶ በወንበሮቹ መካከል አልፎ ሹካዋን በመዳፉ ሸፍኖ አቀበላቸው፤ ሲነክሷት ማንም እንዳያይ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቆመ።

ሽማግሌው ገባቸው። «ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» አሉት።

«ከፋሲካ፣ ባባ።»

መልሱን ከከንፈሩ አነበቡና ፈገግ አሉ። «አንተ ከፍርግርግ ጀርባ ሆነህ ካየኸው፣ እነዚህስ ሳያዩ ይቀራሉ? ዞር በል፣ አትጋርደኝ።»

ሹካዋን በአንድ ወንበር ብረት ላይ መትተው በሰው ሁሉ ፊት ነከሷት፤ ድምፁንም ሳያዛንፉ ለዘማሪዎቹ አንጎራጎሩላቸው። መዝሙሩ ተነሣ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙና ወደ ፊቤ ዞሩ፤ ትንፋሽሽን ቀድመሽ ሳብሽ አሏት። ልጅቱ አፍራ ሳቀች፤ እውነት ነበር። አቢሶ በሁለት ጤነኛ ጆሮው ያልሰማውን ስሕተት ሽማግሌው ከደረቷ አንብበውታል። ከአዳራሹ አንድም ሰው ስለ ጆሯቸው አላንሾካሾከም። መዝሙሩ እንደገና ከሥሩ ተጀመረ፤ አሁን እንከን አልነበረውም።

አንዲት ደንበኛ ወደ አቢሶ ጠጋ አለችና፣ ሠፈሩ የውጭ አገር ባለሱቆችን ሁሉ በሚጠራበት ስም፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ሱቅህ ተዘግቷል እንዴ?» አለችው።

«ተዘግቷል» አላት፤ ወንበርም ፈልጎ ተቀመጠ።