ኮረብታውን ያቀረበችው ሌንስ

በ፲፱፻፳፭ ዓ.ም. መስከረም፣ ዝናቡ ለቆ የከምባታ ሜዳ አበባ በለበሰ ጊዜ፣ ነጋዴው ቸኮል ከአዲስ አበባ ወደ አዲሎ ወረደ። ለኬላው ጸሐፊ ለአቶ ወንዳፈረውም አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃና ከእኅቱ ከወይዘሮ እህተማርያም የተላከ ቃል ይዞ መጣ።

ዕቃውን የላከው ሃጎፕ የሚባል አርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ወንዳፈረው በወጣትነቱ በዚህ ሰው ቤት ሲሠራ ሣጥን ተሸክሟል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ ፎቶግራፍ አጥቧል። ሽማግሌው አሁን ሱቁን ሊዘጋ ሲነሣ የቀድሞ ረዳቱን አስታወሰና መዳፍ የማትሞላ የጀርመን ካሜራ ከሁለት ሌንሶች ጋር ላከለት። ሌንሶቹ ከኪስ የሚገቡ ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ እየተሽከረከሩ ይገጠማሉ፣ እየተሽከረከሩ ይፈታሉ። ርቀቱንም ብርሃኑንም ገምቶ በጣቱ የሚያዞረው አንሺው ራሱ ነው። አንደኛዋ አጭር፣ ሌላይቱ ረዘም ያለች ነበረች።

«ሙሴ ሃጎፕ ያሉትን ልንገርህ ጋሼ» አለ ቸኮል የበቅሎውን ጭነት እያላላ። «ከሁለቱ አንዷን ይምረጥ፣ ሌላይቱን ይመልስልኝ፣ ለሰው ቃል ገብቼባታለሁ ብለዋል። አጭሯ አገሩን እንዳለ ታሳያለች፤ ረጅሟ ግን ሩቁን አምጥታ በቅርቡ ላይ እንደ ጋቢ ትደርበዋለች። አገር ለሚያነሣ ሰው አጭሯ ትሻላለች፣ እሱ ግን ሞክሮ ይወስን ነው የሚሉት።»

«እትዬስ?»

ቸኮል ጉሮሮውን ጠረገና የአሮጊት ድምፅ አወጣ። «‹ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን ድሬ፣ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ወንዴ መጥተሽ እኔ ዘንድ ኑሪ ብሎኛል። ጉልበቴ ግን ከድቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ከደጁ ከሆነ እመጣለሁ፤ ሩቅ ከሆነ እዚሁ ቡልጋ፣ አጥቢያዬን ተጠግቼ እሞታለሁ። እሱ ከልጅነቱ አፉ ማር ነው፣ በቃሉ አላምንም። ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን አንሥቶ ይላክልኝና በዓይኔ ልይ።› አንዲት ቃል አልጣልኩም። ብጥል ታስምለኛለች።»

ወንዳፈረው ወደ ዳምቦያ አቅጣጫ ተመለከተ። ኪዳነ ምሕረት ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው አናት ላይ ናት። ጤነኛ ሰው ጎሕ ሲቀድ ቢነሣ እንኳ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከቅጥሩ ሲደርስ ቅዳሴው ተጋምሶ ያገኘዋል።

ሚስቱ ከበቡሽ ልጅ ሳይወልዱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ሰው ብቻውን ይኖር ነበር። ቀን ቀን በኬላው የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ነው፤ ሁሉም ጭነቱን አስመዝግቦ ይሄዳል እንጂ ከእርሱ ጋር ጉዳይ ያለው የለም። ቸኮል አልፎ አልፎ ከሚያድርበት ቀን በቀር፣ ማታ ገበታ ሲቀርብለት «እንብላ» የሚለው ሰው አልነበረውም። አንዳንድ ቀን ከልማድ የተነሣ ለባዶው ቤት «እንብላ» ይልና፣ ድምፁን ሲሰማ ያፍር ነበር። ከእንሰቱ ወዲያ ጎረቤቶቹ በከምባትኛ ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ያን ያህል ዘመን አጠገባቸው ኖሮ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃላቸውን አልተማረም። ጥፋቱ የራሱ ነበር። እርሱ ግን ጥፋት መሆኑን ፈጽሞ አስቦት አያውቅም።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገፈፍ ሌንሶቹን ሊሞክር ወጣ። በመጀመሪያ አጭሯን ገጥሞ ወደ ሐምበሪቾ ዞረ፤ ተራራውን ከነደመናው፣ ሜዳውን ከነስፋቱ አነሣ። ቀጥሎ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ቤቱን አነሣ። ከፊት የሣር ክዳኑና እንሰቱ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ የወንዙ ገደል፣ ከዚያም ወዲያ ኮረብታው፣ ከኮረብታውም ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቤተ ክርስቲያን።

ከዚያ ረጅሟን ገጠመና ከቤቱ ኋላ ወዳለው ሸንተረር ወጣ። ቤቱ እስኪያንስ ድረስ ወደ ኋላ እየራቀ ሄደ። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ በሃጎፕ ቤት የተማረው ነገር ነው። አንሺው ከሁለት ነገሮች አብዝቶ ሲርቅና በረጅም ሌንስ ሲያነሣቸው፣ በመካከላቸው ያለው ስፍራ ይጠፋል። የቤቱን ጣሪያና የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አሰናስሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አነሣ። ፊልሙንም ለቸኮል ሰጠው።

በኅዳር ቸኮል ሥዕሎቹን አሳትሞ ተመለሰ። በኬላው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ አዩአቸው። ቸኮል ረጅሟ ያነሣችውን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ ጋሼ! ኪዳነ ምሕረት መቼ ወርዳ ጓሮህ ገባች? ካህናቱ ሲዘምሩ ዶሮዎችህ አይደነግጡም?»

«ሥዕል ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።»

«መጨመሩንስ አልጨመርክም። ወንዙን ግን የት አደረስከው?»

ወንዳፈረው ሥዕሉን ከእጁ ወሰደ።

«እህተማርያም ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ቤቱን አላውቀውም በላት።»

«ስንት ጊዜ በልቼ ያደርኩበትን ቤት?»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ቸኮል ሳቁን አቆመ። «ዝም ማለት አያቅተኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ለሙሴ የምመልሰው የትኛዋን ነው?»

የሐምበሪቾ ሥዕል ከሁሉ ያማረ ነበር። ዓይን ያለው ሰው አጭሯን እንደሚመርጥ ወንዳፈረው ያውቃል። ነገር ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ሩቁን የምታቀርብለትን ትቶ፣ የሜዳውን ስፋት የምታሳየውን ምን ያደርጋታል? ደግሞም አጭሯን ቢያስቀራት ዕለት ዕለት የምትመሰክርበት መሰለው። አጭሯን ጠቅልሎ ሰጠው። ረጅሟ ያነሣችውንም ሥዕል ለእኅቱ ላከ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ እህተማርያም በቸኮል በቅሎ ላይ ሆና ደረሰች። በዚያች ማታ ቤቱ የሰው ድምፅ ሞላበት።

«ብላ እንጂ፤ ምን ታፈጥብኛለህ? አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

«ምንም አላረጀሽም እትዬ።»

«አፍህ ዛሬም ማር ነው» አለችና አጎረሰችው።

ቅዳሜ ከድካሟ የተነሣ ተኝታ ዋለች። ወንዳፈረው እውነቱን ሊነግራት ከአልጋዋ ራስጌ ሦስት አራት ጊዜ ቆሞ፣ ሁልጊዜም ወሬ ለወጠ። ነገ በቅሎዬን ጭኜ በመንገድ ላይ እነግራታለሁ አለ በልቡ። እውነትን ለነገ የሚያሳድር ሰው ነገን የራሱ ያደረገ ይመስለዋል።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቢነሣ አልጋዋ ባዶ ነበር። እየሮጠ ቁልቁለቱን ወረደ። ከወንዙ አፋፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ የነጠላዋ ጫፍ በጤዛ ርሷል፤ በትሯ ከእግሯ ሥር ወድቋል። ከማዶ፣ ከሩቅ፣ የደወል ድምፅ ይሰማል።

«ወንዴ» አለችው ፊቷን ሳትመልስ። «ከጓሮ ናት ብዬ፣ እንቅልፍህን እንዳልነሣህ ብቻዬን ወጣሁ። ያን ሥዕል ስታነሣ የት ቆመህ ነበር?»

ወደ ኋላ ዞሮ ሸንተረሩን በጣቱ አሳያት።

«ከዚያ ማዶ?»

«ከዚያ።»

«ቸኮል ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል።»

«ለካስ! መንገዱን ሁሉ ሲቀልድ ሲያስቀኝ መጥቶ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ በጠየቅሁት ቁጥር በቅሎዋን ይመታት ነበር።»

«በበቅሎ እወስድሻለሁ እትዬ። እሑድን፣ በዓሉን ሁሉ፣ ራሴ እየሳብኩ።»

«‹ሩቅ ነው፣ ግን በበቅሎ እወስድሻለሁ› ብለህ ብትልክብኝ እመጣ ነበር።»

«ሩቅ ከሆነ አልመጣም ብለሽ...»

«ብዬ ነበር። የአሮጊት ቃል ነው፤ አንድ ጊዜ ብትለምነኝ ይለዝብ ነበር። አንተ መለመኑን ትተህ አታለልኸኝ።»

በቅሎውን አምጥቶ ወሰዳት። ከቅዳሴ በኋላ እህተማርያም በቅጥሩ ግርጌ ካሉት መነኮሳይት ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገረች። ከመካከላቸው አንዲቱ በቅርቡ ዐርፋ ጎጆዋ ባዶ ነበር። ወንዳፈረው በቅሎውን ይዞ ሲጠብቅ ብቻዋን መጣች።

«ጓዜን ነገ ላክልኝ። እዚሁ እቀራለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ለኃጢአቴ ማስተስረያ የመጣሁ ሰው ምን ቂም እይዛለሁ? ቤትህ ብቀመጥ ግን፣ አንድ ነገር በነገርኸኝ ቁጥር ‹ይህንንስ የት ቆሞ አየው?› እያልኩ ልኖር ነው። ይህ ለአንተም ለእኔም አይበጅም። ለበዓል ስትመጣ እንተያያለን።» ግንባሩን ሳመችውና በትሯን ተደግፋ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ወንዳፈረው ማታ ማታ ከኬላው ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ይቆማል። አንድ ቀን ካሜራዋን አውጥቶ ረጅሟን ሌንስ ገጠመና ወደ ኮረብታው አነጣጠረ። ነገር ግን ዓይን በሚያይባት ትንሽ መስኮት ውስጥ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ሌንሷ የምታቀርበው ፊልሙ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ነበረ፤ ወንዙ ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም የጤፍ ቅንጣት ታህላለች። እንዲህ ሆኖ የሚታየውን አገር እንዳለ ሊያነሣው ቢወድም፣ ያን የምታነሣለትን ሌንስ በገዛ እጁ ጠቅልሎ ሰድዷታል።

ካሜራዋን ከዓይኑ አወረደ። ከቅጥሩ ግርጌ የራት ጭስ ይወጣ ነበር፤ ከጎጆዎቹ መካከል የትኛው የእህተማርያም እንደሆነ ከዚህ ሆኖ አይለይም።