የበዓል ውሃ

አሕመድኑር ከደሴ የመጣው በጀመርኩት የገደል ጉዞ ውስጥ ያለውን ዝላይ ሊያይ ነው። በገመድ መውረዱንና በጠባቡ ሸለቆ ውሃ ለውሃ መሄዱን በስልክ በላክሁለት ቪዲዮ አይቶ ወዶታል። አስጎብኚ ነው፤ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ወደ መካነ ሰላም በየሳምንቱ እንግዳ የሚልክበት አዲስ ጉዞ ይፈልጋል። "ሰው ዘሎ ውሃ ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ ግን ውል አልፈርምም" ብሎኛል። እኔም ለራሴ ቆርጫለሁ፤ እሱ ካልፈረመ፣ ከተማርኩበት አገር ከኦስትሪያ ለመጣልኝ የሥራ ጥሪ እሺ ብዬ እመለሳለሁ። እዚያ ሰባት ዓመት የውሃ ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬም ሰዎችን በተራራ ወንዞች ውስጥ እመራ ነበር። አገሬ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። በስምንት ወር ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን ሸክፌ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።

ኅዳር ሃያ አምስት ጠዋት አራት ሆነን ወደ ገደሉ ወረድን። ፊት እኔ፣ ከኋላ የአጎቴ ልጅ ክንፈ፣ መሃል አሕመድኑርና ሁዳ። ሁዳ የወረኢሉ ልጅ ናት፤ ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። ስለ ጉዞው ከሰው ሰምታ ደውላልኝ የመጣች የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ነች። ሄልሜቱን ከሻርፗ በላይ ሳጠብቅላት፣

"ዘጠኝ ዓመት ከሰው ቤት ሳልወጣ ኖሬ፣ ዛሬ ገደል ልግባ?" አለች።

"ገና ነሽ፣ ገደሉ ከታች ነው" አላት ክንፈ።

"አብሽር፣ አንተ ገመዱን ብቻ ያዝ።"

የመጀመሪያው ፏፏቴ አሥራ አምስት ሜትር ይሆናል። ገመዱን ዓለቱ ላይ ከመታሁት የብረት ቀለበት አሰርኩ፤ ክንፈ ቀድሞ ወርዶ ጫፉን ያዘ። የሚወርደው ሰው እጁ ቢያመልጠው ክንፈ ከታች ገመዱን ሲወጥረው ባለበት ይቆማል። ሁዳን ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ወደ ኋላ ተደገፊ፣ እግርሽን ዓለቱ ላይ ዘርጊ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፤ ቀስ ብላ ወረደች። አሕመድኑር ግን ጠርዙ ላይ ብዙ ቆመ፤ ስሜን ጠርቶም ጠየቀኝ።

"የኔአለም፣ ይሄ ገመድ ስንት ኪሎ ይችላል?"

"ሁለት ሺህ።"

"እኔን ጨምሮ ነው?"

"ጋሼ፣ ሆድዎ እንደሆነ ቀድሞ ደርሷል፤ እርስዎ ይከተሉት!" አለ ክንፈ ከታች።

ያወረደው ሳቁ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጸጥታ ነው። ግራና ቀኙ ዓለት ነው፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል። ውሃው ጉልበት ድረስ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወገብ። ዛሬ ግን ከጠበቅሁት ቀጠን ብሏል። ኅዳር እያለቀ ነው፣ ይቀንሳል ብዬ አለፍኩት።

ትልቁ ኩሬ ጋ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስን። መዝለያው ከኩሬው በላይ ሰባት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ኩሬውን በሚካኤል ዕለትም በማርያም ዕለትም መጥቼ ድንጋይ ባሰርኩበት ሲባጎ ለክቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መሃሉ ከአራት ሜትር በላይ ነበር። ደንቡ መሪው በየጉዞው ቀድሞ በገመድ ወርዶ ኩሬውን እንዲፈትሽ ያዛል። አሕመድኑር ግን ስልኩን ደቅኖ ጨርሷል፤ ሁዳም ጠርዙ ላይ ቆማለች። ሁለት ጊዜ የለካሁት ነው፣ ዛሬ ይቅር አልኩ በልቤ።

"ልቁጠር?" አለች ሁዳ። "አንድ…"

ያን ጊዜ ማዶ ያለው ዓለት ላይ ዓይኔ አረፈ። ከውሃው በላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ እስከሚል ድረስ፣ ዓለቱ ጠቁሮ ገና እርጥብ ነበር።

"ሁዳ፣ ወደ ኋላ ተመለሽ።"

"ልዘል ነው እኮ።"

"ተመለሽ አልኩሽ!"

ተመለሰች። በገመድ ወርጄ ወደ መሃል ዋኘሁና እግሬን ዘረጋሁ። ትልቅ ድንጋይ አገኘሁ። በማርያም ዕለት ከእግሬ በታች ርቆ የነበረ ድንጋይ ነው። ቆምኩበት፤ ውሃው ደረቴ ላይ ቀረ። ከላይ ሦስቱም በኩሬው መሃል ቆሜ ያዩኛል።

"ያ ረቢ" አለች ሁዳ፤ ቀስ ብላም ተቀመጠች።

አሕመድኑር ስልኩን ኪሱ ከተተ። የተናገረው ክንፈ ነው፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

"ዛሬ እኮ ውሃው የላይ ቤቶች ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ለሽንኩርታቸው ጠልፈውታል። በሥራ ቀን በተራ ይጠልፋሉ፤ በበዓል አካፋ የሚይዝ ስለሌለ ለወንዙ ይለቁታል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? በበዓል እየመጣሽ የምትለኪው አንቺ!"

"በበዓል የመጣሁት በሌላው ቀን እርሻ አለብኝ ስላልከኝ ነው!"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለና ራሱን አከከ።

ኩሬው ከሥሩ በድንጋዮች መካከል እንደሚያፈስ አውቅ ነበር፤ ከላይ የሚገባው ሲቆም በአንድ ሌሊት እንደሚጎድል ማንም የውሃ ሰው ያሰላዋል። ከላይ ያለው ውሃ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ዝላዩ ቀረ። ሦስቱም በገመድ ወደ ኩሬው ዳር ወረዱ፤ ከዚያ የቀረውን የመጨረሻ ፏፏቴ ሁዳ ብቻዋን፣ ጫፉ ጋ ሳትቆም ወረደችው። ወጥተን ልብሳችንን ፀሐይ ላይ ስናሰጣ አሕመድኑር አጠገቤ ተቀመጠ።

"ማስቆምሽን ወድጄዋለሁ" አለኝ። "ግን 'ምናልባት ይዘላል' ብዬ የማስተዋውቀው ጉዞ የለም። የእኔ እንግዶች እዚህ የሚደርሱት ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ውሃ እንደሚኖር እስከ ገና ቁርጡን ካልነገርሽኝ፣ ይቅር።"

በማግስቱ ወደ ላይ ቤቶች ወጣሁ። ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ጋሽ አለኸኝ ናቸው፤ አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

"ውሃውን ምን ልታጠጪበት ነው?" አሉኝ።

"ምንም። ሰው ሊዘልበት ነው።"

እጃቸውን ከአጥሩ አነሱ። "ዘሎስ?"

"ይወጣል።"

"ውሃውስ?"

"እንዳለ ወደ ታች ይሄዳል።"

"እሱ ከሽንኩርቱ ይሻላል። ሽንኩርት የጠጣውን አይመልስም።"

"እንግዲያ ሐሙስ ሐሙስ ይስጡኝ።"

"እኔ አልሰጥም፣ ልጄ። ቦይ የጠረገ ሰው ተራ ይጠይቃል፤ ያልጠረገ ስለ ውሃ አያወራም። ማክሰኞ እንጠርጋለን።"

ማክሰኞ ከክንፈ አካፋ ተውሼ ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ጋሽ አለኸኝ ለየሰው ድርሻውን በአካፋ እጀታ እየለኩ ሰጡ፤ ለእኔ የደረሰኝ የቦዩ አፍ ነው፣ ውሃው ከወንዙ የሚገባበት፣ ድንጋይና ደለል ግማሹን የደፈነው።

"አሹፈውብኝ ነው?" አልኩት ክንፈን በሹክሹክታ።

"የቦዩ አፍ የአዲስ ሰው ነው። ሌላው ድርሻ ጥቂት ጭቃ ነው፤ ይሄን ግን ጎርፍ በየክረምቱ ይንደዋል፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው። የያዘው ሰው ከቀረ ውሃ ለማንም አይገባም።"

"ትይዢዋለሽ?" አሉኝ ጋሽ አለኸኝ።

"ለዘንድሮ እይዘዋለሁ።"

ሰዉ ሳቀ።

"ለዘንድሮ የሚባል ድርሻ የለም። ወይ ያንቺ ነው ወይ አይደለም። አይደለም ብትይ አንቀየምሽም፤ የበዓሉ ውሃ እንደሆነ ይወርድልሻል።"

ሁሉም አካፋው ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። አሕመድኑር ይፈርም አይፈርም አላውቅም። ሐሙስን ይስጡኝ ይከልክሉኝ አላውቅም። ለኦስትሪያው ደብዳቤ መልስ የምሰጥበት ቀን ዓርብ ነው። ይህን ሁሉ እስካውቅ ድረስ ልቆይ ማለት አማረኝ፤ ግን ቀኑ ሊሞቅ ነው፣ የእኔ ድርሻ ሳይከፈት ጭቃ የሚያጥብ ውሃ ስለማያገኙ ከታች ያሉት ሊጀምሩ አይችሉም።

ጫማዬን አወለቅሁ።

"የኔ ነው" አልኩ።

"እንግዲያ ከዚያ ጀምሪ" አሉና ትልቁን ድንጋይ አሳዩኝ። ውሃው ከገደሉ ውሃ ይቀዘቅዛል።

"ሐሙስን የጠየቀችው ይቺ ናት?" አለች ከበታቼ ያለው ድርሻ የደረሳት ቦጋለች የምትባል ሴት። "የሐሙስ ተረኛ እኮ እኔ ነኝ! ሽንኩርቴ ይሙት?"

"ትጥረግና ትጠይቅ፤ ከጠየቀች እንከራከራለን" አሉ ጋሽ አለኸኝ።

ክርክሩ ግን እኔ ድንጋዩን ሳልነቅል ተጀመረ።