የቅጣው ንድፎች

መካኒኩ ቅጣው የእሽቅድድም መኪናን መንገጫገጭ የሚያበርዱትን የሞላና የባሌስትራ ንድፎች ሃያ ዓመት ለቅሟል፤ ከአስመራ ጋራዦች፣ ከሟች ጣሊያኖች ሻንጣ ሳይቀር። ሁሉም የመኪኖቹ መሐንዲሶች በእጃቸው ወረቀት ላይ የነደፏቸው፣ ቅጂ የሌላቸው ናቸው። ደርግ ወድቆ እንጀራውን ሲያጣ፣ መሐል ሜዳ እህቱ ቤት ይዞ የገባው እነሱን ብቻ ነበር።

ሰኞ ከደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲመለስ የንድፎቹ ሣጥን ባዶ ሆኖ ጠበቀው። እህቱ ተናኘወርቅ የማኅበር ተራዋ ደርሶ፣ የጭቃውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ነጭ ወረቀት አልብሳዋለች።

«ጋዜጣ ሳጣ ያንተን ለጠፍኩት፣ ጋሼ» አለች ፊቷ በርቶ።

ጠርዙን በጥፍሩ ሊያነሳ ሞከረ። ከነጭቃው ተቦጨቀ።

«ተው እንጂ! በዱቄት ሊጥ ነው፣ አይለቅም።»

«ሥዕሉስ?» አለ።

«የተሞነጫጨረውን ፊት ወደ ጭቃው አዞርኩልህ፤ ሰው ፊት እንዳያሳፍርህ ብዬ።»