ዛፍ የሌለው ሰንደል

አሶሳ ላይ ሴት ልጁን የሚድር ሰው፣ ድንኳን ከመከራየቱም ሰንጋ ከመግዛቱም በፊት ነዕማ ቤት መልእክተኛ ይልክ ነበር። እሷ ካልመጣች የሙሽራዋ ኹምራ አይደባለቅማ! ኹምራ፣ ለማያውቀው ሰው፣ ሙሽራ የምትቀባው የሽቶ ዘይት ነው። ቅርንፉድ ይገባበታል፣ ማህለብ የሚሉት ሽታው ያማረ ፍሬ ይገባበታል፣ ምስክ የሚሉት ሽቶም ይገባበታል፤ የሁሉም አዛዥ ግን የሰንደል ዘይት ነው። ሰንደል የጎደለው ኹምራ ጨው እንደተረሳበት ወጥ ነው፤ ይበላል፣ ግን ማንም አያመሰግነውም።

ሥራው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። የሁለቱም ወገን ሴቶች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ነዕማ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያም መንገዱን ትናገራለች። ይህ ምንድን ነው፣ ከየት ተነሣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ እዚህ እንዴት ደረሰ። መንገዱ ያልተነገረ ነገር ሙሽራ ገላ ላይ አያርፍም፤ የሰፈሩ ሕግ ነው። እሷ ከተናገረች በኋላ ግን ጠያቂ የለም፣ መሐላ የለም፣ ምስክር የለም። የነዕማ አፍ ይበቃል። ይህን ክብር የያዘችው ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ አሶሳ ከቤቷ ቁጥር የቢሮዋ ታፔላ ሊበልጥ በተቃረበበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተሾመ፣ ስንቱ ወረደ፤ ነዕማን ከምንጣፏ ያወረዳት አልነበረም።

ሰንደሉ የህንድ ዛፍ ነው። በመርከብ ሱዳን ይገባል፣ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል ይሻገራል፣ እዚያ ነጋዴው ወንድሟ ጁምዓ ይቀበልና ይልክላታል። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ ይህ መንገድ ድርግም አለ። ነዕማ ጠርሙሷን አንጠፍጥፋ ጨረሰች፤ ከዚያ ያለ ሰንደል መደባለቅ ጀመረች። ሴቶቹ ጨዋ ናቸውና "ማሻ አላህ" ይሏታል፤ እሷ ግን ፊታቸውን ታነባለች። እያደር መልእክተኛ ሲመጣ "አሞኛል" ማለት ለመደች። ምንም አላመማትም፤ አፍራ ነው።

አንድ ልጅ አለቻት፤ ዐዋጢፍ። ዐዋጢፍ አዲስ አበባ ተምራ እዚያው አንድ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥራለች። እናቷ አንድ ጊዜ "ለመሆኑ ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?" ብላት ነበር።

"ፈንገስ እናረባለን፣ ዩማ" አለቻት፤ እናቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። "የእርሾ ዘመድ ነው። ዘይት ከሚሰጥ ዛፍ ዘረመሉን እንወስድና ለፈንገሱ እናስገባለታለን። ከዚያ ስኳር እናበላዋለን፤ እሱ ደግሞ ዛፉ የሚሠራውን ዘይት ይሠራልናል።"

"እርሾ ሊጥ ይንፋልሽ እንጂ ዘይት ከየት አባቱ ያመጣል!" ብላ ነዕማ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች። እንግዲህ ያቺ የቅርንፉዱን ባለሱቅ፣ የማህለቡን ጫኝ ሳይቀር የምትጠይቅ ሴት የገዛ ልጇን "የየትኛው ዛፍ?" ብላ አልጠየቀቻትም። ልጇ አይደለች፤ ምን ብላ ትጠይቃት?

በቀጣዩ ዕረፍቷ ዐዋጢፍ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። "አጎቴ ጁምዓ ነው የላከልሽ። እንዴት አድርጎ እንዳገኘው እንጃለት።"

ነዕማ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ሰንደል! ያውም የድሮው፣ ሟች ባሏ እሷን ያገባ ጊዜ ገላዋ ላይ ሰንብቶ የነበረው ዓይነት። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ዐዋጢፍ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትኩር ብላ አየቻት። ነዕማ ወዲያው ስልኳን አንሥታ ወንድሟን አመሰገነችው፤ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለችው። ጁምዓ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ፣ ዋናው መድረሱ ነው" አለ። ዝምታውን ኔትወርኩ ላይ አላከከችው፤ የኩርሙክ ኔትወርክ እንደሆነ ስም የወጣለት ነው።

ጠርሙሱ መጀመሪያ የተከፈተው ለአማል ነው። አማል የዐፊፋ ልጅ ናት፤ ዐፊፋ ደግሞ የነዕማ የልጅነት ጓደኛ፣ ምስጢረኛዋ። የዚያን ዕለት ነዕማ ምንጣፉ ላይ አፏን ሞልታ ተናገረች። "ይህ ሰንደል ነው። የህንድ ዛፍ ነው። ሱዳን ገባ፣ በኩርሙክ ወጣ፣ ወንድሜ ጁምዓ በእጁ ተቀበለው።" ሴቶቹ እልል አሉ። ዐፊፋ ዕንባዋን በሻሿ ጠረገች። ዐዋጢፍ በሩ አጠገብ ቆማ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ነዕማም ለማስታወሻ መስሏት ቀና አለችላት፣ ድምጿንም ከፍ አደረገች። ከአማል በኋላ ሌላ ሠርግ፣ ከዚያም ሌላ። ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር "ጁምዓ" ሌላ ይልካል። የነዕማ በሽታም ድራሹ ጠፋ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ዐዋጢፍ ደስ የሚል ነገር ይዛ መጣች። መሥሪያ ቤቷ አሶሳ ላይ ትልቅ ስብሰባ አዘጋጅቷል። "አንቺና ሴቶቹ ከፊት ወንበር ተይዞላችኋል። አንድ ነገር አስቤልሻለሁ፣ ዩማ፤ ዛሬ አልነግርሽም።" ነዕማ ለዒድ የምትለብሰውን አውጥታ ለበሰች። ዐፊፋና አማልም መጡ።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሙሉጌታ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ አዳራሹን አሳቀና ለዐዋጢፍ ድምጽ ማጉያውን ሰጣት። ልጅቷ በጥሩ አማርኛ ስለ ፈንገሱ ተናገረች፤ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ድንበር ሳይሻገር፣ ከአንድ በርሜል ውስጥ የሰንደል ዘይት እንደሚወጣ። ነዕማ ግማሹ ገባት፣ ግማሹ አልገባትም፤ ብቻ ልጇ ስላማረባት ደስ ብሏታል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ሥዕል በራ። የአማል ምንጣፍ ነው። የራሷ ድምጽ አዳራሹን ሞላው፤ የህንድ ዛፍ ነው፣ በኩርሙክ ወጣ፣ ወንድሜ በእጁ ተቀበለው።

"ማሽኖቻችን ዘይቱን አልፏል ብለውት ነበር" አለች ዐዋጢፍ። "እኔ ግን ከማሽን የከበደ ፈተና አውቃለሁ። እናቴን። ይኸው እንደምታዩት፣ እናቴ ከዛፍ መጣ አለችለት። ያ ዘይት ዛፍ አይቶ አያውቅም። ከእኛ ፈንገስ ነው የወጣው።"

"ነዕማን ያታለለ ማን ያቅተዋል!" አለ ሙሉጌታ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

አማርኛው ቶሎ ያልገባቸው ሴቶች ከጎናቸው ያለውን ጠየቁ። ነዕማ ወሬው በራሳቸው ቋንቋ ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ አየችው። አማል ጋ ደረሰ፤ አማል እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ዐፊፋ ጋ ደረሰ፤ ዐፊፋ ዞራ ነዕማን አየቻት። ያ አተያይ ቁጣ ቢሆን በቀለላት ነበር። "አንቺም?" የሚል ነበር።

ሽልማት ብለው ወደ መድረኩ ጠሯት። ወጣች። ያማረ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉባት፣ ማጉያውንም ሰጧት። ነዕማ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው።

"እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም" አለች። "ይሄ ልጅ የኔ ነው። እኔ ለሰው ውሸት ተናገርኩ። ውሸት መሆኑ አላወቅሁም። አማል፣ ወላሂ አላወቅሁም። ይቅር በለኝ።"

ሙሉጌታ ትሕትና መሰለው፤ ቀድሞ ማጨብጨብ የጀመረው እሱ ነው።

ማታ እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ተፋጠጡ። ዐዋጢፍ ገና ከመግባቷ፣ "ዩማ፣ አንድ ነው እኮ!" አለች። "ሽታውም ያው፣ ዘይቱም ያው። ማንንም አልጎዳም፤ ተመርምሯል። ስታዝኚ ማየት አልቻልኩም። በሐሰት አሞኛል ስትዪ እኔ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ጎዳ አልጎዳ ማን ጠየቀሽ!" ነዕማ ጮኸች፤ ልጇ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር። "ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? 'ይህ ሰንደል ከልጄ ፈንገስ ነው፣ ልጄ በእጇ ሠራችው' እል ነበር። በኩራት ነበር የምለው! የወደደች ትቀባለች፣ ያልወደደች ትተወዋለች።"

ዐዋጢፍ አቀረቀረች። "ብነግርሽማ ፈተና አይሆንም ነበር።"

ይህች ቃል ናት የነዕማን አንጀት የቆረጠችው። በደረቷ ጠርሙሱን አቅፋ ስታለቅስ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያየቻት ለካ አዝናላት አልነበረም። ውጤት እየጠበቀች ነበር። ጁምዓ ጋ ደወለች። "ለእናቴ ደስታ ነው ብላ ለመነችኝ፤ እኔስ ምን ላድርግ" አላት። ወንድሟ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ልጇና ወንድሟ ተመካክረው አታለሏት፤ እሷ ደግሞ በእነሱ ፋንታ ጓደኛዋን አታለለች። የቱ እንደሚብስ መለየት አቃታት።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቷ የማህጁብ ልጅ ልትዳር ሆነ። ለነዕማ እንደ ወጉ መልእክተኛ ተላከ። ደስ አላት፤ አልሸሽግም፣ እንደ ልጅ ደስ አላት። እንግዲያው ይቅር ብለውኛል አለች። ሰንደል የሚባል ነገር አልያዘችም፤ ቅርንፉድና ማህለብ ብቻ ቋጥራ ሄደች። ሴቶቹ ሰላምታ ሰጧት፣ ቦታዋንም ለቀቁላት። ተቀመጠች፤ ቅርንፉዱን ፈታ አሸተተችው።

"ይህ ቅርንፉድ ነው" ብላ ጀመረች።

"ወላሂ በይ፣ ነዕማ" አለች ዐፊፋ።

በክፋት አልነበረም። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ፣ በቀስታ ነው ያለችው። ሌሎቹ አንዳቸውም ተይ አላሏትም። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ምንጣፍ ላይ መሐላ ተጠይቃ የማታውቀውን ሴት አፍ አሁን ሁሉም ይጠብቃሉ። ነዕማ ልትምል ከንፈሯን አላቀቀች። ቅርንፉዱን ማን ገዛው? ዐዋጢፍ ናት፤ ትናንት "እኔ ላምጣልሽ" ብላ ገበያ ወጥታ ነበር። ከየት ገዛችው? ገበያ ሄዳለች? ወይስ ይህም ከአንድ በርሜል የወጣ ነው? ደግማ አሸተተችው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ሰንደሉም ሰንደል ይሸት ነበር።

መማል አልቻለችም። የመደባለቂያውን ትሪ ወደ ዐፊፋ ገፋ አደረገችላት፣ የሙሽራዋን ግንባር ሳመች፣ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች። ማንም አልተከተላትም፤ ዐፊፋ ብቻ "ነዕማ..." ብላ ነበር፣ ግን አልጨረሰችውም።

ቤት ስትደርስ ዐዋጢፍ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ነው፤ ነገ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እናቷ ቶሎ መመለሷን ስታይ ቀና አለች።

"ደባለቃችሁ?"

"እነሱ ይደባልቃሉ።" ነዕማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ያን ቅርንፉድ ከየት አመጣሽው?"

"ከገበያ ነው፣ ዩማ! ከዚያው ከምታውቂው ሰውዬ። ከየት ላመጣው ኖሯል?" ዐዋጢፍ ያጠፈችውን ልብስ ጥላ እግሯ ሥር ተንበረከከች። "ወላሂ ከገበያ ነው። ስታዪኝ እውነት የምናገር አልመስልሽም?"

ነዕማ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኖቿ የአባቷ ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ዓይኖች ናቸው፤ ሲዋሹም ሲያለቅሱም ሲያተኩሳቸውም አይታቸዋለች። ያን ጠርሙስ ስትቀበልም ፊቷ የነበሩት እነዚሁ ዓይኖች ናቸው፤ ያኔም እንዲሁ ጥርት ብለው ነበር የሚያዩዋት።

"ትመስያለሽ" አለቻት። "ያኔም ትመስዪ ነበር።"

ከዚያ ፊቷን ለቀቀችው። ዐዋጢፍ ማልቀስ ጀመረች። ነዕማም ልታባብላት ፈለገች፤ ፈልጋም አልቻለችም።