ደክመዋል ብቻ ነው ያልኩት

«ነጥቡን ቁጠረው እንጂ ወንድሜ! በእሳቸው ጊዜ ሰባት ጨዋታ፣ አንድም ድል የለም። አዲሱ መጣ፣ አራት ጨዋታ፣ አሥር ነጥብ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

«ቀስ በል፣ ለቅሶ ላይ ነን።»

«ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔ ምን አልኩ? ሰው ሌላ፣ ኳስ ሌላ። ቡድኑን ያተረፈው የአሰልጣኙ መቀየር ነው፣ በቃ።»

መሐሪ ከፊታቸው ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሽሮ የቀረበለትን ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልዞረም። ቢዞር ያውቁታል። የምሥራቅ ጮራን ቡድን ስምንት ዓመት በአምበልነት የመራ ሰው እዚህ ሰፈር የት ይደበቃል? የሰኔ ዝናብ የእድሩን ድንኳን ይደበድበዋል። ሸራው መሃል ላይ ውሃ ባጠራቀመ ቁጥር አንድ ሽማግሌ እየተነሱ በዱላቸው ወደ ላይ ይገፉታል፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ዷ ብሎ ይወርዳል። ውጭ፣ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የጫኑ ሰርቪሶች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ። ኮች ሆርዶፋ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

መደበቁም አልሆነም። ነጥብ ቆጣሪው ከኋላ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«አምበሉ አይደለህ እንዴ? አንተ ፍረደን እስቲ። ሰውየው ባይነሱ ትተርፉ ነበር?»

ከጎኑ የነበረው በረኛው ካሊድ ቀደመ። «ጌታዬ፣ ሽሮህ ቀዘቀዘብህ። እሱን ጨርስና ከዚያ ሊጉን ትመራዋለህ።»

ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። መሐሪ አልሳቀም። ይሄኔ ኦብሴ፣ የኮች ልጅ፣ በነጠላዋ ራሷን ከዝናቡ ጋርዳ መጣች።

«መሐሪ፣ እማዬ ግባ ትልሃለች። ከሱሉልታ ዘመድ መጥቷል፣ ልታሳይህ ነው።»

ልታሳይህ ነው። ከትላንት ጀምሮ ይሄ አራተኛው ነው።

የኮች ባለቤት እትዬ እልፍነሽ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶላቸዋል። እጁን ይዘው ጎናቸው አስቀመጡትና ለእንግዶቹ፣ «ይሄ ነው መሐሪ» አሉ። «ሁሉም ሲገፉት እዚያ ስብሰባ ላይ የተከራከረለት እሱ ብቻ ነው። አባ ኦብሴ ራሱ ነው የነገረኝ። ‘የኔ ልጅ ለብቻው ተናነቃቸው’ አለኝ።»

አንዲት ትልቅ ሴት ጎንበስ ብለው ግንባሩን ሳሙት። «ወልደህ ሳም የኔ ልጅ። ውለታህን እግዜር ይክፈልህ።»

ምን ልበላችሁ፣ ጥፊ ይሻለው ነበር።

ኮች ሆርዶፋ ማለት እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ጨዋታ ሲኖር ዋዜማውን ለአሥራ አንዱም ተጫዋች እናት ይደውላሉ። «እንደምን አመሹ እማማ፣ ልጁ በላ? በጊዜ ይተኛልኝ እሺ?» ያገባ ከሆነ ለሚስቱ ይደውላሉ። መሐሪ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የአንድ ልጅ አባት ነው፣ ባለቤቱ ብሩክታይት አሁንም ስልኳ ላይ «ተኛ ወይ» ብላ ነው የመዘገበቻቸው። ከሲኤምሲ ጀርባ ድንጋይ ጎል አድርጎ ሲጫወት ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሜዳ ከመግባቱ በፊት ጀርባውን መታ አድርገው፣ «ጀባዹ! በርታ!» ይሉታል። ይቺ ቃል ከሌለች እግሩ አይፈታም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ግን ቡድኑ ተንኮታኮተ። ሽንፈት፣ አቻ፣ ሽንፈት። አንድ ቀን ልምምድ ሲያበቃ መሐሪ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ሲያልፍ ኮች ግድግዳ ተደግፈው ያስመልሳቸዋል። ሱሪያቸው በቀበቶ ተጨምድዶ ነው የቆመው፣ እንደዚያ ከስተዋል።

«ኮች! ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ዝም በል። ሊጉ ይለቅና እታከማለሁ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለእልፍነሽም፣ ለኮሚቴውም። አደራ!»

በሳምንቱ እሁድ ኮች አሰላለፍ ሲያነቡ የመሐሪ ስም የለም። በቦታው አብኔዘር ተባለ። ከታዳጊው ቡድን ዘንድሮ ያደገ ፈጣን ልጅ ነው። «መሐሪዬ፣ ዛሬ አንተ እረፍ» አሉት፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ደጋፊው ከኋላ፣ «አምበል፣ ትራሱ ተመቸህ?» እያለ ዘጠና ደቂቃ ለበለበው። ያንን ጨዋታም ተሸነፉ።

ማክሰኞ የቡድኑ ኮሚቴ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ጠራው። ሰብሳቢው አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስቲ አንተ ቅርብ ነህ። ሰውየው ምን ሆነዋል?» አሉት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ታመዋል ቢል አደራ መብላት ነው። ግን ታመዋል ቢባል እኮ ፈቃድ ተሰጥቷቸው በክብር ይታከሙ ነበር። ደህና ናቸው ቢል ደግሞ እሁድ የተቀመጠበት ወንበር ገና ከቂጡ ላይ አልለቀቀም። እና መሃል ለመሃል የምትሄድ ቃል ፈለገ። አገኛትም።

«ደክመዋል።»

«ደክመዋል ስትል?»

«ደክመዋል። በቃ ደክመዋል።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሲያበቃ ቃለ ጉባኤውን ወደ መሐሪ ገፋለት። «የቡድኑ አምበልም አሰልጣኙ ደካማ መሆናቸውን አረጋግጧል» ይላል። ደካማ! መሐሪ አነበባት። ሁለቴ አነበባት። ‘ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም’ ለማለት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ የእሁዱ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበትና እስክሪብቶውን አነሳ። ፈረመ።

ኮች መነሳታቸውን የሰሙት ከሚኒባስ ሬዲዮ ነው። ወደ ልምምድ ሲመጡ ጎሮ ላይ። የስፖርት ጋዜጠኛው ስለ ወራጅ ቀጠና እያወራ ድንገት ስማቸውን ጠራና፣ ‘ተሰናብተዋል’ አለ። ሜዳው ድረስ መጥተው ለልጆቹ ሲያወሩ እየሳቁ ነበር። «እሱ ስለ ወራጅ ቀጠና ያወራል፣ እኔ ደግሞ መውረጃዬ ደርሶ ‘ወራጅ አለ!’ አልኩ። ታክሲው ሙሉ በሳቅ! ማን መሆኔን የት አውቀው!» ልጆቹም ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ኮች መሐሪን ለብቻው ጠርተው፣ «እንደ ተከራከርክልኝ አውቃለሁ። አንተን አውቅሃለሁ» አሉት።

‘አልተከራከርኩም’ አላለም።

ያን ቀን ማታም አልተናገረም፣ በማግስቱም፣ እስኪሞቱ ድረስም። ሁለተኛው የለቅሶ ቀን እንዲህ አለቀ፣ በፍራሹና በድንኳኑ መሃል ሲመላለስ፣ ሲመረቅ።

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቡድኑ በሙሉ መጥቷል። ነጥብ ቆጣሪው ሰውዬ ዛሬም አለ፣ ዛሬ ደግሞ ድምፁን አልቀነሰም። «የመጨረሻዋን ጨዋታ አላያችሁም? ከእረፍት በኋላ አብኔዘርን ወደ ግራ ወስዶ ሁለት ጎል! አሰልጣኝ ማለት እንዲህ ነው!»

መሐሪ ሳያስበው ብድግ አለ።

«ያንን ያደረጉት ኮች ሆርዶፋ ናቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ገብቼ ደወልኩላቸው። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነበር። አልጋ ላይ ናቸው፣ ድምፃቸው አይወጣም። ‘ቀኝ ተመላላሻቸው እግሩ ከባድ ነው፣ አምና አይቼዋለሁ። አብኔዘርን በሱ በኩል ልቀቀው’ አሉኝ። እኔ የራሴ ሐሳብ አስመስዬ ለአዲሱ ኮች ነገርኩት። የተረፍነው በሳቸው ነው።»

አብኔዘር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ነጥብ ቆጣሪው ተነስቶ እጅ ነሳ። ሽማግሌው ዱላቸውን ጣል አድርገው፣ «ተባረክ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው! እስከ መጨረሻው ያልካደ!» አሉ። ካሊድ እንኳን፣ በቀልድ ካልሆነ አፉን የማይፈታው፣ አንገቱን አቀፈው።

መሐሪን ላብ አጠመቀው። እውነቱን ተናግሮ እኮ ነው፣ ግን የተናገረው የሚያስመሰግነውን ግማሽ ነው። ያኛው ግማሽ እንደ ተቀመጠ ነው፣ እንዲያውም አሁን ባሰበት። ካሊድን ቀስ ብሎ ከላዩ አነሳና ወደ ቤቱ ገባ።

ሴቶቹ ምግብ ለማቅረብ ወደ ጓሮ ወጥተዋል። እትዬ እልፍነሽ ለብቻቸው ናቸው። ሲያዩት እጃቸውን ዘረጉ፣ እሱም ይዞ ተንበረከከ።

«ሰማሁ» አሉት። «ኦብሴ ነገረችኝ። በሞቱም አኮራኸው።»

«እትዬ፣ አልተከራከርኩላቸውም።»

«ምን?»

«ስብሰባው ላይ። አልተከራከርኩም። ሲጠይቁኝ ደክመዋል ነው ያልኩት። ደካማ ናቸው ብለው ጻፉት፣ እኔም አንብቤ ፈረምኩ።»

እትዬ እልፍነሽ እጁን ጠበቅ አደረጉት። «ደክሞት ነበር እኮ ልጄ። ቤት ሲገባ ጫማውን እኔ ነበርኩ የምፈታለት። ያየኸውን ነው የተናገርከው።»

ማምለጫ በር ተከፈተለት። ‘አዎ’ ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። አንዲት አዎ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን የዚህ ቤት ልጅ ነው።

«አይደለም» አለ። «ተቀያሪ ወንበር ላይ ስላስቀመጡኝ ነው። ተናድጄ ነው። እንደ ታመሙ አውቃለሁ፣ ሲያስመልሳቸው አይቻለሁ። ሊያባርሯቸው እንደሆነም አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።»

እጃቸው ከእጁ ውስጥ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት። ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ነጠላቸውን ጎትተው ሸፈኑት።

«አሞት እንደነበር ታውቃለህ።»

«አዎ።»

«እኔ ሳላውቅ።»

«አደራ ብለውኝ ነው እትዬ።»

«እሷን አደራ ጠበቅክ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ለቁጣ የሚሆን ድምፅ አልቀራቸውም። ግድግዳውን አዩ። «እሱ ያውቅ ነበር? መፈረምህን?»

«አያውቁም።»

«ተመስገን» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ሳያውቅ ሄደ። ተመስገን።»

መሐሪ ተነስቶ ይውጣ ወይ ይቀመጥ ግራ ገባው። ይቅርታ የምትለው ቃል አፉ ላይ መጥታ አነሰችበት። ይሄኔ ከደጅ ለቅሶ ተነሳ። አዲስ ለቀስተኛ ነው፣ ከሩቅ የመጣ፣ የኮችን ስም እየጠራ በኦሮምኛ የሚያለቅስ። የለቅሶው ባለቤት ተነስታ መቀበል አለባት።

እትዬ እልፍነሽ በክንዳቸው ፍራሹን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ። ጉልበታቸው ከዳቸው። ኦብሴ የለችም፣ ሴቶቹም ገና ከጓሮ አልተመለሱም። ደግመው ሞከሩ፣ ግማሽ ላይ ደርሰው ተመልሰው ተቀመጡ። መሐሪ እጁን ሊዘረጋ አሰበና ፈራ። ለቅሶው በረንዳው ላይ ደርሷል።

ያኔ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ፣ ከነጠላው ስር እጃቸውን አወጡና ወደ እሱ ዘረጉት። መሐሪ በሁለት እጁ ያዘው። ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት፣ እሱም ጉልበቱን አጠንክሮ፣ ቀስ አድርጎ አነሳቸው።