የአንዲት ድምፅ ባለቤቶች

ባለቤቴ ሲግኒ በከተማችን ኮሌጅ ስለ ሐይቆች ታስተምር ነበር። በስድስተኛው ዓመት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ድምፅ ይሰጣሉ፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ካላለፈች አንድ ዓመት አስተምራ ትሰናበታለች።

የክፍሉ ኃላፊ ሮይስ ቲልደን አይጮህም፣ አይሳደብም። እሷ ስብሰባ ላይ ስትናገር ብዕሩን አስቀምጦ መስኮቱን ያያል። ሌሎቹም መስኮቱን ያያሉ። ስትጨርስ፣ "እሺ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ" ይላል፤ ይስቃሉ። የክፍሉን የምርምር ጀልባ የሚፈቅድላት ሐይቁ በረዶ ሊሠራ ሲል ነበር።

"አርኔ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?" ትለኛለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። "'አንቺ እስካሁን ተማሪ ነው የምትመስዪው' አለኝ። ናዲን በሳቅ ፈነዳች።"

"ናዲን ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ?"

"ኮሪደር ላይ ናት ጓደኛዬ።"

ድምፁ በምስጢር ተሰጠ። አንድ ድጋፍ፣ የቀረው ሁሉ ተቃውሞ።

"በቃ ተይው፣ አትሂጂ" አልኳት።

"ተማሪዎቼስ?"

በዚያ የመጨረሻ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ታብሰለስል ነበር። "ያ አንዱ ማን ይሆን? ባውቀው አጠገቡ እቀመጥ ነበር" ትላለች። ሳታውቅ፣ በየካቲት፣ ክፍል ልትገባ ስትል ልቧ ቆመ።

ኮሌጁ መምህር ሲሞትበት የመታሰቢያ ቃል በስብሰባ አንብቦ በድምፅ ያጸድቃል። እኔም ተጠራሁ። ያነበበው ሮይስ ነው። "ሳቋ ይናፍቀናል" አለ። የት እንደሰሙት እንጃ። ሁሉም እጃቸውን አወጡ፤ አንድም ተቃውሞ የለም። ከዚያ ቆመው ዝም አሉላት። ዝምታውን እንኳ ለምደውታል።

ሲበተኑ ናዲን ወደ ጥግ ሳበችኝ። "አርኔ፣ ያቺ የድጋፍ ድምፅ የኔ ነበረች።"

አቅፌያት አለቀስኩ። "ምነው ለሷ በነገርሻት!"

"ሮይስ ቢሰማስ?"

ካፖርቴን ሳነሳ የክፍሉ አዛውንት መምህር ዶክተር ፔልቶ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ ያቺ አንዷ የኔ ናት። እዚሁ ይቅር፣ እሺ?"

መኪናዬን ሳስነሳ መስታወቱ ተንኳኳ። ሮይስ ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

"አርኔ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው። እኔ እኮ ደግፌያታለሁ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት። ለዶክተር ፔልቶም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ማን አጠገብ መቀመጥ እንደነበረባት ዛሬም አላውቅም።