ሳጅኑን ያሰርኩበት ሻርፕ

ፍየል ማሰር ያቃተው ሰው ሌባ ላስር ብሎ አይነሳም። እኔ ተነሳሁ። ዓዲላ እባላለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም አፌ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ይህን ያለችው እማዬ ናት፤ ስድቡ ስላማረኝ ወሰድኩት።

ቡሬ የምትባል ፍየል አለችን፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ሁለቴ ጠፍታብኛለች። አንዴ የሰው ማሽላ ውስጥ ተገኘች፣ አንዴ መስጊድ በር ላይ የሰጋጆች ጫማ ስታሸት። የዚያን ቀን እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ወላሂ ዓዲላ፣ አሁንም ከጠፋች ባቲ አክስትሽ ጋ ነው የምልክሽ! እዚያ የምታስሪው የለም፤ ልብስ ብቻ ነው የምታጥቢው" አለችኝ። አክስቴ ልጅ በልጅ ናት፤ ሁሉም ጭቃ ይወዳሉ። እማዬ ደግሞ ወላሂ ካለች አለች ነው።

ስለዚህ ከገበያ ስመለስ ችካሉ ብቻውን ቆሞ ሳገኘው ሁለት ዱዓ አደረግሁ። አንደኛው ቡሬ እንድትገኝ፤ ሁለተኛው፣ አስተግፊሩላህ፣ ተሰርቃ እንድትገኝ። ከተሰረቀች ጥፋቱ የሌባው ነው። ፈትታ ከሄደች የኔ ነው።

ዱዓዬ ቶሎ የደረሰ መሰለኝ። ወደ አስፋልቱ ስሮጥ አንድ የማላውቀው ጂንስ የለበሰ ሰው ቡሬን በገመዷ እየሳበ ከአንዱ ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላው ሊገባ ሲል አየሁት።

"ሀቱ!" ብዬ ጮህኩ። ስደነግጥ ኦሮምኛዬ ነው የሚቀድመው። "ሌባ!" ብዬ ደገምኩለት፣ ይገባው ዘንድ።

ሰውዬው ፊቱ በራ። "ያንቺ ናት? ተመስገን! አስፋልት መሐል ቆማ ሲኖትራክ ሊደፈጥጣት ነበር። የማን ናት እያልኩ ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ።"

"ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።"

"ፖሊስ ነኝ እኮ እህቴ። ሳጅን ዘመድኩን እባላለሁ፤ ለከተማው አዲስ ነኝ። ዛሬ ዕረፍት ስለሆንኩ ነው ዩኒፎርም ያለበስኩት።"

"እኔ ደግሞ ኮሚሽነር ነኝ። የታለ መታወቂያህ?"

ኪሱን ዳበሰ። "ዩኒፎርሜ ውስጥ ቀርቷል።"

"የኔም እዚያው ነው" አልኩት።

እዚህ ላይ ጎረቤት ጠርቼ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ግን የአካኮ ወሬ አናቴ ላይ ወጣ። አካኮ እንድሪስ አያቴ ነው። በሱ ወጣትነት በአካባቢው ፖሊስ የሚባል አልነበረም አሉ። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ራሳቸው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። አካኮም በአንድ ወይፈን ሰበብ ከከሳሹ ጋር ተቋጥሮ ከጨፋ ሮቢት ተነሳ። ሲወጡ እየተሰዳደቡ ነበር፤ ሲደርሱ ግን የአንዱን ስንቅ ሁለቱም በልተው ጨርሰው ነበር። ኋላ ፖሊስ መጣ፤ ዱላውም አብሮት መጣ። ካኪ ከታየ መንደሩ በሙሉ በጓሮ በር ይወጣል። አሁን ደግሞ "የማኅበረሰብ ፖሊስ" ተብሎ፣ ዛፍ ስር ወንበር ተደርድሮ፣ "ፖሊስ የናንተው ነው፣ አትፍሩ" ይሉናል። አካኮ ዛሬም ዩኒፎርም ካየ ከዘራውን አንስቶ ወደ ጓሮ ነው። ለሽንት ነው ይላል። ሽንቱ ግን ፖሊስ ሲያይ ብቻ ነው የሚመጣው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ የያዝኩት ቋጠሮዋን ብቻ ነው። ትከሻዬ ላይ ያለውን ሻርፕ ገፍፌ አንዱን ጫፍ በሰውዬው አንጓ፣ አንዱን በራሴ አንጓ አሰርኩ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ።

"ቁራኛ ነው። ጣቢያ ድረስ።"

"እኔም ጣቢያ እንሂድ ልል ነበር" አለና ተከተለኝ። ሌባ እንዲህ ሲታዘዝ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ግርማዬ ያስፈራው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

በከሚሴ ከተማ መሐል ሄድን። እኔ ፊት፣ ሌባው ኋላ፣ ቡሬ ከሌባው ኋላ። ባጃጅ ተራ ስንደርስ ሙጂብ የሚባለው ባለባጃጅ አንገቱን አወጣ።

"ዓዲላ! ኒካህ ነው እንዴ? ሳትጠሪን!"

"ሌባ ይዤ ነው!"

"ማሻአላህ! ፍየሏስ ሚዜ ናት?"

ተራው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አንገቴን አቅንቼ አለፍኩ። ሻይ ቤቱ ጋ አንዱ፣ "ዘሜ፣ ሰላም ነው?" አለው፤ እስረኛዬም በነፃ እጁ ሰላምታ መለሰ። እዚያ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊም ብድግ ብሎ እጅ ነሳው። "ያ ረቢ፣ ስንት ግብረ አበር አለው!" እያልኩ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ጣቢያው በር ላይ የነበረው ዘብ ሲያየን ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ለኔ መስሎኝ አጸፋውን ልመልስ እጄን ሳነሳ ሻርፑ ሳበኝ።

"ሳጅን" አለ ዘቡ ሳቁን እየዋጠ፣ "የታሰረችው ፍየሏ ናት ወይስ ልጅቷ?"

"እኔ ነኝ የታሰርኩት" አለ ሳጅን ዘመድኩን።

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላሁም። ግን መሬትም እንደኔ ደነገጠ መሰለኝ፣ አልተከፈተም።

ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ ወዲያው እማዬ አንድ እግሯ ላይ የኔን ጫማ፣ አንዱ ላይ የራሷን አድርጋ ደረሰች። ከኋላዋ አካኮ። አካኮ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ተተከለ። እሱ እድሜውን ሙሉ ያችን በር አልፎ አያውቅም። ዛሬ የመጣው ለኔ ነው። ያኔ ነው እውነት ያፈርኩት።

ሳጅኑም አየው። "ይቆዩ አባቴ፣ እኛ እንመጣለን" ብሎ ወጣ፤ እኔም ተስቤ ወጣሁ። ለሰላምታ ጎንበስ ብሎ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ "አካም ጂርቱ አካኮ?" አለው። የአካኮ አይን ግን ሻርፑ ላይ ነው።

"ማን ነው ይህን የቋጠረው?"

"እኔ ነኝ አካኮ። እንዳንተ ቁራኛ።"

"ተፈቷል እኮ።"

አየሁ። በሳጅኑ አንጓ ላይ ቋጠሮ የሚባል የለም። የሻርፔን ጫፍ መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ይዞታል።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ከባጃጅ ተራው።"

"ታዲያ ለምን አልሄድክም?"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ? እስረኛዋ አመለጣት ቢሉሽስ?"

አካኮ መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ሳቁ ወጣ። "አይ ዘመን!" አለ እንባውን እየጠረገ። "እኛን የፖሊስ ገመድ ይቆርጠን ነበር። ይሄ ደግሞ ገመዱን ራሱ ይይዛል!" ቀጥሎ ያደረገውን ዓይኔ ባያይ አላምንም፦ ከዘራውን ለኔ ሰጥቶ የሳጅኑን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። አንዴ የተፈታውን ሻርፕ አየች፣ አንዴ ያልተቆረጠውን የቡሬን ገመድ አየች። "ሰው ሲይዝላት እንኳ የሚፈታ ቋጠሮ!" አለች። "ቡሬን ማን እንደሰረቃት አሁን ገባኝ። ነገ ባቲ!"

አፌ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ ወደ ስድስተኛ ክፍል ተመለሰ።

"አይቻልም እናቴ" አለ ሳጅን ዘመድኩን፣ ፊቱን እንደ ችሎት አኮሳትሮ። "ልጅዎ ከሳሽ ናት። ክሱ እስካለ ድረስ ከሳሽ ከከተማ አይወጣም።"

"የምን ክስ? ሌባው የታለ?"

"ተከሳሹ እኔ ነኝ። በራሴ ዋስ ወጥቻለሁ።"

እማዬ አካኮን አየች። አካኮ፣ "ሕግ ነው እንግዲህ" አለ፣ ዕድሜ ልኩን ሕግ ወዶ እንደሚያውቅ ሁሉ። እማዬ ሳቋ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሷም ቋጠሮ ብዙ አልያዘም።

ይኸው ሳጅኑ በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ጎራ ይላል። ዩኒፎርም ለብሶ ይመጣል፣ አካኮም ወደ ጓሮ አይሄድም፤ ሽንቱ ቆሟል። ሳጅኑ የቡሬን ችካል ይነቀንቃል፣ ገመዱን ይስባል፣ ቋጠሮው አብዛኛውን ጊዜ ይፈታበታል። አካኮ እኔንም እሱንም እየሰደበ እንደ አዲስ ያሳስረናል።

"ክሱ እንዴት ነው፣ ኮሚሽነር?" ይለኛል ሲወጣ።

"አላነሳሁም" እላለሁ።

ማሰር እስክማር አላነሳም።